“ውጣ!” የሚባለው መቼ ነው?

ለ፦ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ልጆቻችሁን ቤዝቦል ለምታጫውቱ ወላጆችና በፈቃደኝነት ለምታሰለጥኑ ወገኖቼ
ግልባጭ፦ ለሰፈራችን የልጆች ቤዝቦል ሊግ ቦርድ
ጉዳዩ፦ አሰልጣኝና ተጫዋች ከሜዳ ስለሚወጣበት ምክንያት



ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከመቺው ጀርባ ጎንበስ ብዬ ቆሜ ሳለሁ ከአጥሩ ወዲያ “ኧረ ይሄ ሰውዬ ዕውር ነው እንዴ!” የሚል ጥርት ያለ አማርኛ ሰማሁ። አጠገቡ ያለች ሴት ደግሞ “ተወው እባክህ፣ መነጽሩን ቤት ረስቶት ይሆናል” አለችና ሳቅ ሆነ። የዳኛ ጭምብል አድርጌ ስለነበር መልኬ አይታይም። ኢኒንጉ ሲያልቅ ጭምብሌን አነሣሁና ወደ አጥሩ ዞሬ “እንደምን አደራችሁ? መነጽሬን እንኳ አድርጌያለሁ” አልኳቸው። ሰውየው የያዘው ቡና ሊደፋበት ምንም አልቀረው። ከጨዋታው በኋላ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ከዚያ ቆም አለና “ግን፣ ልታስወጣኝ ትችል ነበር?” አለኝ።

እችል ነበር። አላስወጣሁትም፤ ማስወጣትም አልነበረብኝም። ለምን እንደሆነ እዚያው በሁለት ደቂቃ ልነግረው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ጥያቄው አብሮኝ ቤት ገባ። ይህ ደብዳቤ ዘግይቶ የመጣ መልሴ ነው። በእንግሊዝኛ የጻፍኩትን ለሊጉ ቦርድ ሰጥቻለሁ። ይሄኛው የእናንተ ነው።

ማን እንደሆንኩ ባጭሩ ልንገራችሁ። ያደግሁት ደሴ ነው፤ ተማሪ ሳለሁ የትምህርት ቤቶችን እግር ኳስ አጫውት ነበር። እዚህ አገር እንጀራዬ የከተማ አውቶቡስ መንዳት ነው። ልጄ ስምንት ዓመት ሲሞላው ቤዝቦል ልጫወት አለኝና ወሰድኩት፤ እሱ በሁለተኛው ዓመት ተወው፣ እኔ እዚያው ቀረሁ። አንድ ቀን ዳኛ ጠፍቶ ጨዋታው ሊሰረዝ ሲል “አንተ ግባ” አሉኝ፤ ገባሁ፤ ይኸው ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

አብዛኞቻችን ያደግነው በእግር ኳስ ስለሆነ ከሜዳ መውጣት ሲባል ትዝ የሚለን ቀይ ካርድ ነው። በቤዝቦል ካርድ የለም። ዳኛው እጁን ወደ ላይ ወርውሮ ወደ ውጭ ይጠቁማል፤ አበቃ። ትልቁ ልዩነት ግን ቀጥሎ የሚመጣው ነው። በእግር ኳስ ቡድኑ በአሥር ሰው ይቀራል። በቤዝቦል ግን በወጣው ተጫዋች ቦታ ተጠባባቂ ይገባል፣ በአሰልጣኙም ቦታ ረዳቱ ይቆማል፤ ቡድኑ አይጎድልም። ስለዚህ በቤዝቦል ማስወጣት ቡድንን ማዳከሚያ ተብሎ የታሰበ አይደለም። አንድን ሰው ከጨዋታው መለየት ነው፤ ሌሎቹ መጫወታቸውን እንዲቀጥሉ።

ሌላም የሚገርም ልዩነት አለ። የቤዝቦል አሰልጣኝ እንደ ተጫዋቾቹ መለያ ለብሶ ይቀመጣል፤ ሲቆጣ ደግሞ ሜዳ ገብቶ ዳኛውን ፊት ለፊት ይሞግታል። መጀመሪያ ሳየው ግራ ገብቶኝ ነበር። ኋላ ግን አያቶቻችን ትዝ አሉኝ። በድሮው ችሎት ባላጋራዎች “በላ ልበልሃ” እየተባባሉ፣ በማርና በፈረስ እየተወራረዱ ሲሟገቱ አላፊ አግዳሚው ለወሬው ሳይሆን ለአነጋገሩ ሲል ይቆም ነበር። ድምፅ ከፍ ማድረግ ነውር አልነበረም፤ እጅ ማወናጨፍም የሙግቱ ጌጥ ነበር። ነውር የሚሆነው “በሕግ አምላክ!” ከተባለ በኋላ አንድ እርምጃ መራመድ ነው። ያን ቃል የተናገረው ሕፃን ይሁን ሽማግሌ ለውጥ አልነበረውም። ቃሉን አልፎ የተራመደ ሰው የተዳፈረው ተናጋሪውን ሳይሆን ሕጉን ነበርና።

የምለው ነገር ሁሉ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሙግት ይፈቀድ። “በሕግ አምላክ” ከተባለ በኋላ ግን ይቁም።

ደንቡ ምን ይላል? የሜጀር ሊግ ቤዝቦል ደንብ የዳኛን ሥራ በሁለት ይከፍለዋል። አንደኛው የዓይን ፍርድ ነው፤ ኳሷ ስትራይክ ናት ወይስ ቦል፣ ሯጩ ቤዙን ቀድሞ ረገጠ ወይስ ኳሷ ቀደመችው። በዚህ ላይ የዳኛው ቃል የመጨረሻ ነው። ሁለተኛው የደንብ አጠቃቀም ነው፤ ዳኛው ደንቡን ያለቦታው አውሎት ከሆነ አሰልጣኙ መጥቶ እንዲታረም የመጠየቅ መብት አለው፣ ዳኛውም ባልደረባውን ሊያማክር ይችላል። በስትራይክና በቦል ለመከራከር ከመቀመጫው ተነሥቶ የሚመጣ ሰው ተመለስ ይባላል፤ ተብሎም ካልተመለሰ ይወጣል። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ብዙ ውሳኔዎች በቪዲዮ መታየት ሲጀምሩ፣ ከቪዲዮ በኋላ የተሰጠውን ውሳኔ የሚሞግትም ይወጣል። (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ወርዋሪው ሆን ብሎ መቺውን ለመምታት ከወረወረ ዳኛው እሱን፣ ካስፈለገም አሰልጣኙን ጨምሮ ሊያስወጣ፣ ወይም ለሁለቱም ቡድኖች ማስጠንቀቂያ ሊሰጥ ይችላል።

ከዚያ ሁሉ መካከል አንዲት ትንሽ አንቀጽ አለች፣ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወዳት። ኳሷ በጨዋታ ላይ እያለች ዳኛው አንድን ተጫዋች ቢያስወጣ፣ የተጀመረው እንቅስቃሴ እስኪያበቃ ድረስ ማስወጣቱ አይጸናም። ያ የተሰናበተ ልጅ ኳሷን ይዞ ይሮጣል፣ ይወረውራል፤ ሁሉም ነገር ሲያልቅ ነው የሚወጣው። ደንቡን የጻፉት ሰዎች የዳኛው ቁጣም የተጫዋቹም ቁጣ ሊጠብቅ እንደሚችል ያውቁ ነበር። ጨዋታው ነው የማይጠብቀው።

ታሪኩም ቢሆን የሚያስተምር ነው። ጁን 23 ቀን 1917 ቦስተን ላይ ቤብ ሩት ገና ወርዋሪ ሳለ የጨዋታውን የመጀመሪያ መቺ በአራት ቦል በነፃ አሳለፈው። በውሳኔዎቹ ተናዶ ብሪክ ኦውንስ ከተባለው ዳኛ ጋር ተካረረ፤ ዳኛው አስወጣው፤ ሩትም ተንደርድሮ በቡጢ መታው። በቦታው ኧርኒ ሾር ገባ። ነፃ ያለፈው ሯጭ ሁለተኛውን ቤዝ ልስረቅ ሲል ተያዘ፤ ሾር ከዚያ በኋላ የመጡለትን 26 መቺዎች አንዱንም ሳያሳልፍ ጨዋታውን ጨረሰ። ሩት ታግዶ 100 ዶላር ተቀጣ። የዚያን ዘመን ታላቅ ተጫዋች ወጥቶ እንኳ ጨዋታው ከነበረው ይበልጥ አምሮ አለቀ። “ይሄ ልጅ ከወጣ ጨዋታው ይበላሻል” እያላችሁ ለምትለምኑኝ አሰልጣኞች መልሴ ይኸው ነው።

የአትላንታ ብሬቭስ አሰልጣኝ የነበሩት ቦቢ ኮክስ ደግሞ በመደበኛው ውድድር ብቻ 158 ጊዜ ተባርረው ክብረ ወሰኑን ይዘዋል። እኚህን ሰው ባለጌ ናቸው የሚል ግን አልሰማሁም፤ በ2014 የቤዝቦል የዝና አዳራሽ ውስጥ ገብተዋል። ብዙ ጊዜ መቀመጫቸውን ለቅቀው የሚወጡት ተጫዋቻቸው ከዳኛው ጋር ሲፋጠጥ ነበር። በመካከል ገብተው ቁጣውን በራሳቸው ላይ ያዞሩታል፤ እሳቸው ይወጣሉ፣ ተጫዋቹ ይቀራል። ይህን የነገርኳችሁ እንድትኮርጁት አይደለም። የተባረረ ሁሉ ክፉ፣ ያባረረም ሁሉ ጻድቅ እንዳይመስላችሁ ነው።

ዳኛም እኮ ይሳሳታል። ኤፕሪል 22 ቀን 2024 በያንኪ ስታዲየም ጨዋታው ከተጀመረ ገና አምስት ኳስ ሲወረወር የሆነውን ሳታዩት አትቀሩም። ዳኛው ሃንተር ዌንደልስቴት የያንኪዎቹን አሰልጣኝ አሮን ቡንን ዝም እንዲል አስጠነቀቁት። ቡን ዝም አለ። ከጀርባው ካለው መቀመጫ አንድ ተመልካች ጮኸ፤ ዳኛው ቡንን አስወጡት። አሰልጣኙ እኔ አልተናገርኩም እያለ እጁን ወደ ተመልካቹ ቢጠቁም የሚሰማው አላገኘም። ቪዲዮው አገር ምድሩን ሲያስቅ ዋለ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ሕመሙን አውቀዋለሁና።

እንዴት እንዳወቅሁት ልንገራችሁ። ሁለት ጥፋት አለብኝ፤ ይህን ደብዳቤ ያጻፉኝም እነሱ ናቸው።

የመጀመሪያው ዳኛ በሆንኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሐምሌ ነበር፤ ሙቀቱ ጭምብሌ ውስጥ ይፈላ ነበር። የ12 ዓመት ልጆች ይጫወታሉ። ሯጩን “ደርሷል” አልኩ። አሰልጣኙ ቀስ ብሎ መጣና “የያዘው ልጅ እግር ቤዙ ላይ ነበር፤ አንተ ከቆምክበት አይታይም፤ ባልደረባህን ብትጠይቀው?” አለኝ። ያለው ይህንኑ ነው፤ ስድብ የለም፣ ጩኸት የለም። ደንቡም ይፈቅድለታል። እኔ ግን ውሳኔውን ከሰጠሁ ጊዜ ጀምሮ ጥርጣሬ ይበላኝ ነበርና ጥያቄው ቁስሌን ነካው። ሁለተኛ ሲጠይቀኝ እጄን ወረወርኩ። “ውጣ!” ሰውየው አንድ ቃል ሳይመልስ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። የሱ ልጅ ሦስተኛው ቤዝ ላይ ቆሞ ነበር፤ ጓንቱን ፊቱ ላይ አድርጎ ጨዋታው እስኪያልቅ ሲያለቅስ አየሁት። ኋላ ባልደረባዬን ጠየቅሁት። አሰልጣኙ ልክ ነበር።

ሁለተኛው ጥፋቴ የባሰ ነው፣ ማንም ግን አልከሰሰኝም። ቤዞቹ ጋ የቆመችው ባልደረባዬ የ15 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ዳኝነት ከጀመረች ሦስተኛ ሳምንቷ። የአንደኛው ቡድን አሰልጣኝ በየውሳኔዋ አንድ ነገር ይላታል። አይጮህም፤ አይሳደብም። “እርግጠኛ ነሽ?” ይላታል። ቆይቶ “ደንቡን አንብበሽዋል?” ይላል። ቆይቶ ደግሞ ለተጫዋቾቹ፣ እሷ በምትሰማበት ድምፅ፣ “አይዟችሁ፣ ገና ልጅ ናት” ይላል። አራት ኢኒንግ ሙሉ እንዲህ ሆነ። እኔ ከመቺው ጀርባ ሆኜ ሁሉንም እሰማለሁ፤ ስላልጮኸ፣ ስላልተሳደበ፣ “ምን ብዬ አስወጣዋለሁ?” እያልኩ ዝም አልኩ። ጨዋታው ሲያልቅ ልጅቷ ኮፍያዋን አወለቀች፣ ዳኛ ወገቡ ላይ የሚያስራትን የኳስ ቦርሳ ከወገቧ አወጣች፣ ሁለቱንም እጄ ላይ አድርጋ “አመሰግናለሁ” አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሜዳ ላይ አላየኋትም።

አያችሁት? መቅረት የነበረበትን አስወጣሁ፤ መውጣት የነበረበትን አስቀረሁ። ሁለቱንም ጊዜ ያሳተኝ አንድ ነገር ነው፤ የለካሁት የገዛ ስሜቴን ነበር። አንዱ እኔን አሳመመኝ፣ ወጣ። ሌላው እኔን አልነካኝም፣ ቀረ። የነካው ሌላ ሰው ነበርና።

ሥራዬ ላይ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልሳሳትም ነበር። አውቶቡሴ ላይ ወጥቶ “ሃያ ደቂቃ አስጠበቅኸኝ!” ብሎ የሚጮህብኝን ተሳፋሪ አላወርደውም፤ ልክ ነው፣ ዘግይቻለሁ። የማወርደው ከኋላ ወንበር ላይ ድምፁን ሳያሰማ አጠገቡ የተቀመጠችውን ተማሪ የሚያስጨንቀውን ነው። ጯሂው መኪናውን አላቆመውም። ዝምተኛው ግን አንዲት ተሳፋሪ ሳትደርስ እንድትወርድ ያደርጋል።

እዚህ አገር ዳኞች እርስ በርስ የሚቀባበሉት መመዘኛ አለ፤ ሦስት ጥያቄ ነው። ንግግሩ ሰውየውን ይነካል ወይ? ብልግና አለበት ወይ? ማለቂያ አጥቷል ወይ? የመጀመሪያው በአማርኛ ቀላል ነው። “ውሳኔው ልክ አይደለም” እና “አንተ ልክ አይደለህም” የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። “ምን ዓይነት ስትራይክ ነው!” ያለ ሰው ስለ ኳሷ እየተናገረ ነው፤ “አንተ ሌባ” ያለ ስለ እኔ ነው። ሁለተኛው ማብራሪያ አያስፈልገውም። የምንወድቀው በሦስተኛው ላይ ነው። ማለቂያ ያጣ ነገር ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው፤ ጠብታ ነው። እያንዳንዷ ጠብታ “ለዚህማ ሰው አይባረርም” ታሰኛለች። ድንጋይ የሚበሳው ግን እንዲያ እየተንጠባጠበ ነው።

እንግዲህ እኔ የምሄድበትን መንገድ በግልጽ ላስቀምጥላችሁ፤ ነገ አልሰማንም እንዳትሉኝ።

የማልፈው፦ ኡኡታ፣ “ኧረ በስመ አብ!”፣ ኮፍያውን የገዛ እግሩ ሥር የሚጥል አሰልጣኝ፣ አንድ ጊዜ የተወረወረ ቃል። “ዕውር” ያላችሁኝም እዚህ ውስጥ ናችሁ። ከ14 ሜትር ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የምትበር ኳስ እኔ ጋ የምትደርሰው በግማሽ ሰከንድ ነው፤ በዚያች ግማሽ ሰከንድ የእናንተ ዓይን ከእኔ ዓይን ጋር ባይስማማ አይገርመኝም። ጥያቄም አልፋለሁ፤ እንዲያውም ያን ሐምሌ ካስለቀስኩት ልጅ ወዲህ ለጥያቄ ጊዜ እሰጣለሁ።

የማስጠነቅቅበት፦ በስትራይክና በቦል ላይ መነታረክ፣ ያለቀን ነገር መልሶ ማንሣት፣ ማሽሟጠጥ፣ ልጆችን በዳኛ ላይ ማነሣሣት፣ የራስ ቁርን ወይም ዱላን በንዴት መወርወር። እዚህ ጋ ጨዋታውን አቆማለሁ፣ እጄን አነሣለሁ፣ “በቃ” እላለሁ። ያ እጅ የእኔ “በሕግ አምላክ” ነው። ማስጠንቀቂያዬን ሰው ሁሉ እንዲሰማው አድርጌ የምሰጠው ለማዋረድ አይደለም፤ ቀጥሎ የሚመጣው ለማንም ድንገተኛ እንዳይሆን ነው። ከዚያ አልፎ የተራመደ ራሱን አስወጥቷል፤ የእኔ ሥራ መናገር ብቻ ይሆናል።

ያለ ማስጠንቀቂያ የማስወጣበት፦ ዳኛን መንካት፣ መግፋት፣ ምራቅ መትፋት፤ ድብድብ፤ ማስፈራራት፤ ሆን ብሎ ወደ መቺ መወርወር፤ የሰውን ዘር፣ ቀለም፣ ሃይማኖት ወይም አነጋገር ጠርቶ መስደብ። በ1996 ሮቤርቶ አሎማር በዳኛው በጆን ሂርሽቤክ ፊት ላይ ሲተፋ አገሩን ያስደነገጠው፣ ዳኛ ስለ ተሰደበ አይደለም፤ በሰውና በሰው መካከል ያለ ድንበር ስለ ፈረሰ ነው። የዘር ስድብን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፦ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን። ከእናንተ መካከል አንዱ የሌላውን ልጅ በአማርኛ በዘሩ ቢጠራው፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ዳኛ ላይሰማው ይችላል። እኔ እሰማለሁ። ያ ልጅም ይሰማል።

ልጆች ሲሆኑ ግን እጄ ይከብደኛል፤ ሊከብደኝም ይገባል። የ9 ዓመት ልጅ በሦስት ስትራይክ ወድቆ ዱላውን መሬት ላይ ቢጥል የሚያስፈልገው አባት ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። አሰልጣኙን እጠራና “ልጁን ለአንድ ኢኒንግ አጠገብህ አስቀምጠው” እላለሁ። አብዛኛው በዚህ ያልቃል። ዱላውን ሰው ላይ የወረወረ፣ ሌላውን ልጅ ለመጉዳት የሮጠ ግን ይወጣል፣ ዕድሜው ምንም ይሁን። የልጆች ቤዝቦል በሆነው በሊትል ሊግ ደንብ ከሜዳ የተባረረ ተጫዋችም አሰልጣኝም ቀጣዩን ጨዋታ አይሰለፍም፣ በቦታውም አይገኝም። ለአንድ ልጅ አንድ ቅዳሜ ረጅም ነው። ስለዚህ በማይገባው ላይ አልጥለውም፤ ከሚገባው ላይም አላነሣለትም።

ስለ አወጣጡም አንድ ቃል። ዳኛ የሚያስወጣው ሳይናደድ ነው። ተናዶ ከሆነ ይጠብቅ፤ ጭምብሉን ያንሣ፣ ሆም ፕሌቱን በብሩሽ ይጥረግ፣ አሥር ይቁጠር። ማን እንደተናገረ ያላወቀ አያስወጣ፤ የቡን ታሪክ ትምህርቱ ይህ ነው። ካስወጣ በኋላ ሰውየውን አይከተለው፣ መልስ አይስጠው፣ ዞር ይበል። አሰልጣኝ ሲሄድ የመጨረሻዋን ቃል ቢወስድ ይውሰድ።

“ይህ ሁሉ እኮ በማሽን ሊያልቅ ነው” የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ በሜጀር ሊጉ ከ2026 ጀምሮ መቺው፣ ወርዋሪው ወይም ካቸሩ ራሱን መታ አድርጎ የስትራይክ ውሳኔ በካሜራ እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል፤ ለየቡድኑ ሁለት ዕድል ተሰጥቷል፣ ልክ ሆኖ የተገኘ ዕድሉ አይቀነስበትም። ደስ ይላል። የእኛ ሜዳ ግን ካሜራው እናንተ የያዛችሁት ስልክ ነው። ደግሞም ማሽን ኳሷ የት እንዳለፈች ይናገር ይሆናል፤ ለአንዲት የ15 ዓመት ልጅ “ገና ልጅ ናት” ሲባል የት እንደሚያርፍ ግን አይለካም።

አሁን ወደ ልመናዬ ልግባ። ለቦርዱ አራት ነገር አቅርቤአለሁ፤ እናንተም በስብሰባው ላይ እንድትደግፉኝ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑ ዳኞችን አዋቂ በቀጥታ አይሞግታቸው። ጥያቄ ያለው አሰልጣኝ በሜዳው ላለው አዋቂ ተረኛ ይናገር። በእነዚህ ልጆች ላይ ማለቂያ ያጣ ነገር የሚጀምረው ከሁለተኛው ቃል ነው።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ማስጠንቀቂያ በውጤት መዝገቡ ላይ ይጻፍ፤ ማን፣ በየትኛው ኢኒንግ፣ ምን ብሎ። ያልተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነገ “አልተነገረኝም” ይባላል።

ሦስተኛ፣ ያስወጣ ዳኛ በዚያው ምሽት ምክንያቱን ጽፎ ያስገባ፤ የወጣውም ሰው ይሰማ። ዳኛው ተሳስቶ ከተገኘ በግልጽ ይነገር። ያን ሐምሌ እኔ ጥፋቴን ለቦርዱ ተናግሬ “እሺ፣ ያልፋል” ተብዬ ነው የወጣሁት፤ የተባረረው አባት ግን የቀጣዩን ጨዋታ እገዳ ጨርሶ ነው የተመለሰው። ይህ ፍትሕ አይደለም። በ2010 ዲትሮይት ላይ ዳኛው ጂም ጆይስ በመጨረሻው መቺ ላይ ተሳስተው አርማንዶ ጋላራጋን አንዱንም መቺ ያላሳለፈበትን፣ በዚህ ጨዋታ ብርቅ የሆነውን ፍጹም ውጤት አሳጡት። ወርዋሪው ፈገግ አለ። ዳኛው ቪዲዮውን እንዳዩ ተሳስቻለሁ ብለው አመኑ። በማግስቱ የቡድኑን ስም ዝርዝር ለዳኛው የሰጠው ራሱ ጋላራጋ ነበር፤ ጆይስ ያን ጊዜ እንባቸውን ሲጠርጉ ታዩ። ከዚያ ወዲህ ጆይስን የናቃቸው የለም። “ተሳስቻለሁ” ያለ ዳኛ ሥልጣኑ አይቀንስም።

አራተኛ፣ ተመልካችም ይጠየቅ። ኒው ጀርሲ ውስጥ ዴፕትፎርድ በሚባል ከተማ የሚገኘው የልጆች ሊግ በ2023 አንድ ደንብ አወጣ፤ በዳኛ ላይ የጮኸ ወላጅ ተመልሶ ለመግባት መጀመሪያ ሦስት ጨዋታ መዳኘት አለበት። ይህን ስሰማ ከልቤ ሳቅሁ፣ ከልቤም ተስማማሁ። ቅጣት ብቻ አይደለም፤ የወንበር ለውጥ ነው። ያን የግማሽ ሰከንድ ኳስ ከጭምብሉ ውስጥ ያየ ሰው ድምፁ ይለዝባል።

ከእናንተ ከራሳችሁ የምፈልገው ደግሞ አንድ ነገር ነው። ስትከራከሩ ልጆቻችሁ ያዩአችኋል። ሙግት የማያውቁ እንዲሆኑ አልመኝም፤ የበላ ልበልሃ ዘር ዝም ማለት የለበትም። ይከራከሩ፣ ይጠይቁ፣ “ደንቡ እንዲህ አይልም” ይበሉ። የሞገቱትን ሰው ሳያዋርዱ መሞገትን፣ “በቃ” ሲባሉም ማቆምን ግን ከእናንተ ይማሩት። ይህን በቤዝቦል ሜዳ የተማረ ልጅ ነገ ከፖሊስ ጋር፣ ከአለቃው ጋር፣ ከትዳር ጓደኛው ጋር ሲነጋገር ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ለቡና ባለቤቱ ወንድሜ መልሴ ይኸውልህ። ያን ጠዋት ያላስወጣሁህ አንድ ጊዜ ተናግረህ ስለተውከው ነው፤ የተናገርከውም ለእኔ ነው፤ ጨዋታውም አልቆመም። ያንኑ ቃል ለልጅቷ በየኢኒንጉ ብትደጋግምላት ኖሮ፣ በቀስታም ቢሆን፣ በሳቅም ቢሆን፣ ቡናህን ይዘህ መኪናህ ውስጥ ትጨርሰው ነበር። ለዳኛ ክብር ሲባል ማንም አይውጣ። ለጨዋታው ሲባል ግን ማንም ይውጣ፣ እኔም ጭምር።

የልጅቷ የኳስ ቦርሳ እስከ ዛሬ ጋራዤ ውስጥ ተሰቅሏል። ማሰሪያው ረዥም ስለነበር ወገቧ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥማው ነበር፤ ቋጠሮው አሁንም እንዳለ ነው፣ አልፈታሁትም። በመጪው ወቅት አዳዲስ ዳኞችን ማሠልጠን እንጀምራለን፤ 13 ዓመት የሞላው ልጅ መመዝገብ ይችላል። ቤታችሁ ያለው ልጅ ደንብ ይወዳል፣ ይከራከራል፣ “ይሄ ልክ አይደለም” ይላል? ላኩልኝ። ቦርሳውን አስታጥቄው ከጎኔ አቆመዋለሁ። በእሱ ላይ ማለቂያ ያጣ ነገር ሲጀመር ግን በዚህ ጊዜ ዝም አልልም።

ቅዳሜ እንገናኝ። ከአጥሩ ወዲያ የምትሉትን እሰማለሁ፤ በሁለቱም ቋንቋ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ከመቺው ጀርባ የሚቆመው ዳኛችሁ